ማይክሮፎን እንግዛ ወይስ የምልክት ቋንቋ መምህር እንቅጠር?

የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጸሐፊ (ባሕር ዳር)፦

የተከበራችሁ የቡድኑ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ ተነሥቶ በሰዓት ማነስ የተቋረጠውን ጉዳይ በጽሑፍ እንድንከራከርበት እዚህ አቅርቤዋለሁ። በትምህርት ቤታችን መስማት የተሳናቸው ልጆች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል በልዩ ክፍል በምልክት ቋንቋ ይማራሉ፤ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ግን በአካቶ ትምህርት አሠራር ከሚሰሙት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። እዚያ ሲደርሱ ብዙዎቹ ወደ ኋላ እንደሚቀሩ መምህራኑም ወላጆቹም የምናውቀው ነው። ከወላጆችና ከከተማው ተወላጆች የተሰበሰበው ገንዘብ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይችልም። አንደኛው ሐሳብ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ገመድ አልባ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ፣ የመምህሩን ንግግር ወደ ጽሑፍ ቀይሮ የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን እና ጥቂት ታብሌቶች ይገዙ የሚል ነው። ሁለተኛው በዚያው ገንዘብ መስማት የተሳነው አንድ የምልክት ቋንቋ ረዳት መምህርና አንድ አስተርጓሚ ለሁለት ዓመት ይቀጠሩ፤ መደበኛ መምህራኑም በክረምት ይሠልጥኑ የሚል ነው። ቅዳሜ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ምክንያታችሁን ጻፉ። ከርእሱ የወጣ መልእክት አነሣለሁ።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ (ጣና ክፍለ ከተማ)፦

የመጀመሪያውን ሐሳብ የምደግፈው መሣሪያ ስለምወድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መውደዴን ግን አልክድም። ነገሩን ከድምፅ ጠባይ እንጀምር። ከድምፁ ምንጭ ያለን ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይቀንሳል። መምህሩ ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ሲናገር 1 ሜትር ላይ 65 ዴሲቤል የነበረው ድምፁ፣ ግድግዳው የሚመልሰውን ሳንቆጥር፣ 4 ሜትር ላይ 53፣ 8 ሜትር ላይ 47 ይሆናል። የመስማት ችግር ላለበት ልጅ ደግሞ የመምህሩ ድምፅ ከክፍሉ ሁካታ ቢያንስ በ15 ዴሲቤል እንዲበልጥለት ይመከራል። በእኛ ክፍሎች ይህ እንዴት ይሆናል? በመስኮት የባጃጅ ጥሩምባ ይገባል፣ የጎረቤት ክፍል በኅብረት ሲያነብ በግድግዳው ያልፋል፣ በሰኔ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደህና የሚሰማው ልጅ እንኳ የመምህሩን አፍ ከማየት ሌላ አማራጭ የለውም።

በመምህሩ ደረት ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክሮፎን የመምህሩን አፍ ከልጁ ጆሮ አንድ ስንዝር ያህል ያቀርበዋል፤ ከማዳመጫ መሣሪያው ጋር ከተገናኘ ደግሞ ልጁ የትም ቢቀመጥ ልዩነት የለውም። በልዩ ክፍል ካሉት ልጆች መካከል የተወሰነ የመስማት ቅሪት ያላቸው እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምንም ለማይሰሙት ስክሪኑ አለላቸው፦ ጎግል የአማርኛን ንግግር ወደ ጽሑፍ መቀየር ከጀመረ ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ተራ ስልክ ይበቃል። ሁለተኛውን ሐሳብ የማልደግፈው ሰውን ስለምንቅ አይደለም። አስተርጓሚው ሲታመም ትምህርቱ ይቆማል፤ ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ደመወዙም ያልቃል፤ ልጆቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። መሣሪያው ግን ይቀራል።

የአንዲት ተማሪ እናት (ሽምብጥ)፦

ወንድሜ፣ መሣሪያው ይቀራል ላልከው ከእኔ ቤት ልጀምርልህ። ልጄ በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ሕይወቷ ሲተርፍ ጆሮዋ ቀረ። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ የማዳመጫ መሣሪያ ተገዛላት፤ ጆሮዋ ላይ የተደረገ ቀን ነጎድጓድ ሰምታ ወደ እኔ ሮጣ የመጣችበትን ሰዓት እስክሞት አልረሳውም። ችግሩ የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያች እንደ ምስር ክክ የምታህል ባትሪ አለቀች። ከፋርማሲ ፋርማሲ፣ ከሰዓት ጠጋኝ ሰዓት ጠጋኝ ስዞር ዋልኩና በመጨረሻ አዲስ አበባ የሚሄድ ሹፌር ለምኜ አስመጣሁ። ባትሪዋ ላይ ያለችው ተለጣፊ አንዴ ከተነሣችና ባትሪዋን አየር ከነካት ተጠቀምሽባትም አልተጠቀምሽባትም እንደምትደክም ስላላወቅሁ፣ አንድ እሽግ ባትሪ በአንድ ቀን ከፍቼ አበላሸሁ። ማንም አልነገረኝም።

በዓመቱ ደግሞ ጆሮዋ ስላደገ በልኳ የተሠራው የጆሮ ቅርጽ ላላና መሣሪያው ማፏጨት ጀመረ። ክፍል ውስጥ ሲያፏጭ ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ ከቦርሳዋ አልወጣም። ስትጠየቅም የምትመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ድምፁ ይጮኻል እንጂ አይገባም። መሣሪያውን አልጠላሁትም፤ ጊቢያችን ውስጥ መኪና ሲገባ ታውቃለች፣ ከጀርባዋ ስጠራት አንዳንዴ ትዞራለች፤ ይህ ለእናት ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ሒሳብ የተማረችው በእጅ ነው።

ነርስ (የአንገት በላይ ሕክምና)፦

የእኅቴ ልጅ «ይጮኻል እንጂ አይገባም» ያለችው ትክክለኛ የሕክምና ገለጻ ነው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አንዳንድ መርፌዎችም ጭምር የውስጥ ጆሮን የስሜት ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ። ሕዋሱ ከሞተ ድምፅ ማጉላት ድምፁን ያበዛዋል እንጂ አያጠራውም። በአንጻሩ ጆሮው እየመገለ የከረመ ልጅ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የመሐል ጆሮ ላይ ስለሆነ በሕክምናም በማዳመጫም በእጅጉ ሊጠቀም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት መቀነስ 60 በመቶ የሚጠጋው መከላከል ይቻል ነበር። ስለዚህ የምትገዙትን ከመምረጣችሁ በፊት የልጆቹን ጆሮ አስመርምሩ፤ እያንዳንዱ ልጅ በየትኛው የድምፅ ቅጥነትና በስንት ዴሲቤል እንደሚሰማ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሳይኖር ማይክሮፎን መግዛት፣ ዓይኑ ላልተለካ ሰው መነጽር እንደ መግዛት ነው። እግረ መንገዴንም እለምናችኋለሁ፦ የሚመግል ጆሮ ውስጥ ዘይትም ወተትም አትጨምሩ።

መስማት የተሳናት መምህርት፦

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በዚህ ቡድን ከእናንተ እኩል መከራከር የቻልኩት ክርክሩ በጽሑፍ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ የቴክኖሎጂ ጠላት ተደርጌ መቆጠር አልፈልግም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው።

እኔ ቋንቋ ያገኘሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ልዩ ክፍል በገባሁበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት እናቴን እወዳት ነበር፤ ስም እንዳላት ግን አላውቅም ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ወላጆቹ ምልክት አያውቁም፤ ልጁም የወላጆቹን ንግግር አይሰማም። ስለዚህ ሌሎች ልጆች ሳያውቁት በየደቂቃው የሚለቅሙትን ቋንቋ እኛ የምናገኘው አንድ ሰው ፊታችን ቆሞ ሲሰጠን ብቻ ነው። 5ኛ ክፍል ሲገቡ ወደ ኋላ ቀሩ የምትሏቸው ልጆች ወደ ኋላ የቀሩት 5ኛ ክፍል ላይ አይደለም።

አሁን ስክሪኑን እንመልከት። ባለሙያው ወንድሜ በቅን ልቡ የመምህሩን ቃል በጽሑፍ አሳያቸዋለሁ ይላል። አማርኛ ግን ለእነዚህ ልጆች ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ እናንተ በጆሮ ስለምታውቁት ጽሑፉ ራሱን የሚያስረዳ ይመስላችኋል። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል አይለይም። «ልጁ ይበላል» እና «ሥጋው ይበላል» በሚሉት ውስጥ ያለው «ይበላል» በጽሑፍ አንድ ነው፤ እናንተ ግን በልባችሁ ድምፁን እየሰማችሁ አንዱን አላልታችሁ ሌላውን አጥብቃችሁ ታነባላችሁ። ቋንቋውን በጆሮ ያላወቀ ልጅ ሥጋው ማንን እንደሚበላ ቢጠይቃችሁ አትሳቁበት። መሣሪያው ደግሞ ማን እንደተናገረ አይለይም፤ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል መልስ የሚሰጠውን፣ የሚያንሾካሹከውንና የመምህሩን ቁጣ በአንድ መስመር ይጽፈዋል። ለዚያውም ኢንተርኔት ካለ ነው፤ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ረስታችሁት አይመስለኝም።

ከንፈር ያነባሉ የሚለውም ተረት ነው። ብ፣ ፕ እና ም በከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ ድ፣ ት እና ጥም እንዲሁ። «በላ» እና «መላ»፣ «ገላ» እና «ቀላ» አይለዩም። የከተማችንን ስም እንኳ አንድ ሰው «ማሕር ጣር» ብሎ ቢጠራው ከከንፈሩ ልለየው አልችልም። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲጽፍ ሲናገር ደግሞ የምናነበው የጋቢውን ጥለት ነው።

የእጅን ነገር ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ደግሞ እጁ በሚንቀሳቀስበት አኳኋን ይለያሉ። የሚሰማ ልጅ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ሲል የሚያገኘውን ሥርዓት የእኛ ልጅ በእጁ ያገኘዋል ማለት ነው። ይህ ግን ስምና አዲስ ቃል ለመጥራት ብቻ ነው፤ ምልክት ቋንቋው ራሱ አማርኛን በእጅ መጻፍ አይደለም። የራሱ ሰዋስው አለው፤ ጥያቄው በቅንድብ ይጠየቃል፤ አድራጊና ተደራጊው በአየር ላይ በተያዘላቸው ቦታ ይታወቃሉ። ይህን ከሰው እንጂ ከማይክሮፎን አንማረውም። አበው «ከእጅ አይሻል ዶማ» ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም ለእኛ ቃል በቃል ይሠራል።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የምልክት ቋንቋ መማርን ማመቻቸት፣ ምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራንን መቅጠር፤ አካል ጉዳት ያለባቸውን መምህራን ጨምሮ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል፤ ስለዚህ ሰው የለም የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው አያስኬድም። ደግሞም ታሪኩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ የእኛ ዓይነት ልጆች አስተማሪዎች፣ ከጥቂቱ በቀር ሁሉም የሚሰሙ ሰዎች፣ ልጆቹ በንግግር ብቻ እንዲማሩ ወስነው ምልክት ቋንቋን ከትምህርት ቤት አስወጡ። የዚያው ጉባኤ ተተኪ እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ውሳኔውን ውድቅ አድርጎ ጸጸቱን ሲገልጽ 130 ዓመት አልፏል።

የ6ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፦

መምህርት የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የሥጋውንም ነገር ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ይሁን እንጂ አስተርጓሚ መቅጠር ብቻውን መፍትሔ ይመስል እንዳይተላለፍ የራሴን ልናገር። ቀደም ሲል በሌላ ትምህርት ቤት ሳስተምር አስተርጓሚ ነበረን። ቅን ሰው ነበር፤ ነገር ግን ስለ ክፍልፋይ የጋራ አካፋይ ስናገር እሱ ራሱ የጋራ አካፋይን አያውቀውም። ያላወቁትን መተርጎም አይቻልም። ልጆቹ እኔን ሳይሆን እሱን ያያሉ፤ እሱ ሲያመነታ እነሱም ያመነታሉ፤ እኔ ደግሞ የተላለፈው ምን እንደሆነ የማውቅበት መንገድ የለኝም። በሳይንስማ ባሰ፤ ለብዙዎቹ ቃላት የታወቀ ምልክት ባለመኖሩ ጠዋት የተስማሙበትን ምልክት ከሰዓት ይረሱታል።

ማሽኑንም ግን እፈራዋለሁ። እዚህ ካላችሁት መምህራን መካከል ፕላዝማን የማያስታውስ የለም። በ1997 ዓ.ም. የ2ኛ ደረጃ ክፍሎች በሳተላይት ትምህርት ሲሞሉ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ሲያልፍ፣ መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሞ ደወል እስኪደወል ይጠብቅ ነበር። ተማሪው አልገባኝም ቢል ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ መምህሩ ያልተዘጋጀበትን ትምህርት ከመካከሉ ይቀበላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ ያን ጊዜ የጎደለው መሣሪያው አልነበረም፣ መሣሪያው የተቀመጠበት የትምህርት አሰጣጥ ነው። እኔ ድምፄን የምሰጠው እስካሁን ለማን እንደሆነ አልወሰንኩም።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው፦

የባትሪውን ነገር ተቀብያለሁ፤ እናት ያሉት ልክ ነው፤ ሳይታሰብበት የተገዛ መሣሪያ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። የጽሑፉንም ነገር ከመምህርት በኋላ ደግሜ አላነሣውም። ግን ከመሸነፌ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የመምህሩ ክርክር እኮ ለእኔ ነው የሚያግዘኝ። አስተርጓሚው የጋራ አካፋይን ካላወቀ፣ የምታውቀው መምህርት አንድ ጊዜ በምልክት ቋንቋ አስረድታ በቪዲዮ ብትቀረጽ፣ ልጁ አሥር ጊዜ መልሶ ሊያየው ይችላል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ሚሞሪ ካርድ ይበቃል። መብራት ቢጠፋ በጣሪያ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ታብሌት ይሞላል። ልጁ ሲፈልግ ያቆመዋል፤ ፕላዝማው ያልቻለው ይህን ነበር። ለጆሮ ሳይሆን ለዓይን የሚሠራ መሣሪያ ቢገዛ ተቃውሞ አላችሁ?

አባት (ከዘጌ)፦

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ የምትጽፍልኝም ታላቅ ልጄ ናት። ትንሹ ልጄ እዚያው ከእናንተ ዘንድ 4ኛ ክፍል ነው። ከእህቴ ቤት ተቀምጦ ይማራል፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ቅዳሜ በጀልባ ወደ ቤት ይመጣል። በመንደራችን ምልክት የሚያውቅ የለም። እኔና እሱ የምናወራው ና፣ ሂድ፣ ብላ፣ ተኛ፣ ቡናውን ልቀም ብቻ ነው። እሱ ግን አሁን ብዙ ያውቃል፤ እጁ ይፈጥናል፤ ሊነግረኝ ይሞክራል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ እንዳልገባኝ ያውቃል። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ እያለቀሰ ከጀልባ ወረደ። ማን እንደመታው፣ ወይም ምን እንደጠፋበት እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በስልክ ሚሞሪ ካርድ ይሞላል ያላችሁት የምልክት ቪዲዮ ለልጁ ብቻ ነው ወይስ ለአባትም ይሆናል? ቀን ቀን ቡና እለቅማለሁ፣ ማታ ግን ጊዜ አለኝ።

መስማት የተሳናት መምህርት፦

ጋሼ፣ ይህን ያህል ጊዜ ስንከራከር ከሁለታችን ወገን አንዳችንም ያላነሣነውን ነገር አነሡ። ልጁ በዓመት ከክፍል ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ ከክፍል ውስጥ ይበልጣል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ቤቱ ዝም ካለ የእኔ ትምህርት ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ይኖራል። አዎ፣ ለአባትም ይሆናል። ለእናትም፣ ለታላቅ እህቱም። መጀመሪያ መቶ ያህል ምልክት፦ «ምን ሆንክ»፣ «ማን»፣ «የት አመመህ»፣ «ተራብክ»፣ «አትፍራ»። ለቅሶውን ያን ዕለት ለመጠየቅ ይበቃ ነበር።

ለባለሙያው ወንድሜም መልሴ ይኸው ነው፤ ለዓይን የሚሠራ መሣሪያ አልቃወምም። ግን ቪዲዮውን ማን ይቀርጸዋል? ምልክቱ ትክክል መሆኑን ማን ያያል? ልጁ ቪዲዮውን አይቶ ጥያቄ ሲኖረው ማንን ይጠይቃል? ሦስቱንም ጥያቄ የሚመልሰው ረዳት መምህሩ ነው። ካሜራው ከእሱ በኋላ ይምጣ።

ጡረተኛ ሱፐርቫይዘር (ፋሲሎ)፦

እኔ ሁለቱንም ሐሳብ አልስማማበትም። አካቶ ትምህርት የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም በተግባር አንድን ልጅ ምንም በማይገባው ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ተካቷል ማለት ነው። በሆሳዕና እንዳለው ዓይነት መስማት ለተሳናቸው ብቻ የሚሆን ትምህርት ቤት ቢኖር ልጆቹ ቀኑን ሙሉ፣ በእረፍት ሰዓትም በምግብ ሰዓትም፣ በአንድ ቋንቋ ይኖራሉ። ገንዘቡ ተጠራቅሞ ለዚያ ይቀመጥ።

የአንዲት ተማሪ እናት፦

የተከበሩ ጋሽዬ፣ ያሉት እውነት አለበት፤ ልጄ በልዩ ክፍል ሳለች ትስቅ ነበር፣ 5ኛ ክፍል ስትገባ ግን ዝም አለች። ነገር ግን እርስዎ ያሰቡት ትምህርት ቤት እስኪሠራ ልጄ ታገባለች። ደግሞም ከጎረቤት ልጆች ለይቼ ሩቅ አገር መላክ አልችልም። ዘንድሮ ከአጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ በራሷ ፍላጎት የጣት ፊደል ተምራላታለች፤ አሁን በትምህርት ሰዓት በጠረጴዛ ሥር እያወሩ ይቀጣሉ። እኔ ልጄ ስትቀጣ ሰምቼ የተደሰትኩት በዚህ ብቻ ነው።

የ6ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፦

ከቀጪዎቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ አሁን ምን እንደሚያወሩ ገባኝ። ሐሳቤንም ልቋጭ። ድምፄን ለረዳት መምህሩ እሰጣለሁ፤ ግን በሦስት ቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ ረዳት መምህሩ የሳምንቱን ትምህርት ከእኛ ጋር ዓርብ ዓርብ አስቀድሞ ይየው፤ ምልክት የሌላቸውን ቃላት ከልጆቹ ጋር ተስማምቶ ይመዝግብ፤ እዚህ ላይ ካሜራው ይግባ። ሁለተኛ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች በየክፍሉ አንድ ሁለት እየሆኑ ከሚበተኑ አንድ ላይ ተሰባስበው ይመደቡ፤ ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ የነርሷ ምክር ይፈጸም፤ ምርመራው ከተደረገ በኋላ በማዳመጫ ይጠቀማሉ የተባሉ ሁለት ሦስት ልጆች ከተገኙ ለእነሱ ብቻ ማይክሮፎኑ ይገዛ። አስተርጓሚውን በተመለከተ ከዚህ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ በጀት እንዲመደብልን ኅብረቱ በደብዳቤ ይጠይቅ እላለሁ፤ የልጆቹ መብት ከሆነ በመዋጮ መሸፈኑ ጥሩ ልማድ አይሆንም።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው፦

አስተርጓሚ ሳይኖር 5ኛ ክፍል ምን ሊሆን ነው? ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ አንድ ዓመት ቢያልፍስ? መምህር ቅድመ ሁኔታዎን ወድጄዋለሁ፤ ይህ ቀዳዳ ግን አልተደፈነም። ረዳት መምህሩ እኮ ራሱ አይሰማም፤ እርስዎ የሚሉትን በዚያው ቅጽበት ለልጆቹ ሊያስተላልፍ አይችልም።

የ6ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፦

አልተደፈነም፤ ልክ ነህ። ቅዳሜ የምንነጋገርበት ይህ ይሁን።

የኅብረቱ ጸሐፊ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በቅዳሜው ስብሰባ ሦስተኛ ሐሳብ ሆኖ የሚቀርበው ረዳት መምህር፣ አንድ ካሜራና ለወላጆች የሚታደል የምልክት ቪዲዮ የሚለው ነው፤ የአስተርጓሚው ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ስብሰባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። የዘጌው አባት የጠዋቱን ጀልባ እንዲይዙ እናሳስባለን፤ እስኪደርሱ እንጠብቃለን።

መስማት የተሳናት መምህርት፦

ለስብሰባው አስተርጓሚ ተዘጋጅቷል? ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀምጫለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተገኝተዋል፤ አስተያየት አልሰጡም» ተብሎ ተጽፎልኛል።

የኅብረቱ ጸሐፊ፦

ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አልተዘጋጀም ነበር፤ ሳላስብበት ቀርቼ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቃለ ጉባኤው ይታረማል፤ አስተርጓሚም ዛሬውኑ እፈልጋለሁ።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው፦

እኔም ንግግሩን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ስልክ ከስክሪን ጋር አገናኝቼ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አስተርጓሚውን እንዲተካ አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚሳሳት ሁላችሁም በዓይናችሁ እንድታዩት ነው፤ እኔም ልየው።

መስማት የተሳናት መምህርት፦

መልካም። አንድ ነገር ብቻ፦ የአዳራሹ መስኮቶች ከመድረኩ ጀርባ ናቸው። አስተርጓሚውን እዚያ ካቆማችሁት ብርሃኑ ከኋላው ስለሚመጣ እጁ አይታየኝም፤ ወንበሮቹን አዙሯቸው።

የአንዲት ተማሪ እናት፦

ቀድሜ መጥቼ አዞራቸዋለሁ።